የመስመር ሱዶኩ ምርጫ፦ ቀስት፣ ሹክሹክታ፣ ሬንባን ወይስ ዚፕ?

ተራ ሱዶኩ የለመደ ሰው ወደ መስመር ሱዶኩ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከየትኛው ልጀምር?» ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። የመስመሩ ዓይነት ብዙ ነው፣ ቀለሙም ብዙ ነው፣ ሕጉም ከጨዋታ ጨዋታ ይለያያል። ሰንጠረዡ ግን ያው የምታውቁት 9 በ9 ነው። በየረድፉ፣ በየአምዱና በየሳጥኑ ከ1 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች ሳይደጋገሙ ይገባሉ። አዲሱ ነገር ቤቶቹን እያቋረጡ የሚሄዱ መስመሮች መኖራቸው ነው። እያንዳንዱ መስመር የራሱ የሂሳብ ሕግ አለው።

አዲስ ሰውን የሚያስደነግጥ ሌላም ነገር አለ። ብዙውን ጊዜ ሰንጠረዡ ላይ አንድም ቁጥር ተጽፎ አይሰጥም። ተራ ሱዶኩ አንድ መልስ ብቻ እንዲኖረው ቢያንስ 17 ቁጥር ተጽፎ መሰጠት አለበት። በ16 እንደማይሆን በ2012 ይፋ በሆነ ሰፊ የኮምፒውተር ፍተሻ ተረጋግጧል። በመስመር ሱዶኩ የእነዚያን ቁጥሮች ሥራ መስመሮቹ ይሠሩታል። ስለዚህ ባዶ ሰንጠረዥ ስታዩ አትሽሹ። ከባዶ ሰንጠረዦች መካከል ቀላል ሆኖ የሚገኘው ብዙ ነው።

ብዙ ሰው ምርጫውን የሚያደርገው የጨዋታውን ክብደት በሚያሳየው የኮከብ ብዛት ነው። ኮከቡ ይጠቅማል፤ ነገር ግን መስመሩ ጭንቅላታችሁን በምን ዓይነት ሥራ እንደሚጠምደው አይነግራችሁም። መደመር የሚያስደስተው ሰውና መደመር የሚያሰለቸው ሰው ለአንድ ባለ 2 ኮከብ ጨዋታ አንድ ዓይነት ፍርድ አይሰጡም። እኔ የምመክረው በሥራው ዓይነት እንድትመርጡ ነው። ንጽጽሩንም በዚያው መንገድ አስኬደዋለሁ።

ከመግባታችን በፊት ቃላት እንስማማ። አንድ ቁጥር የሚገባበትን ትንሹን ካሬ «ቤት» እላለሁ። 3 በ3 የሆነው «ሳጥን» ነው። ሁለት ቤቶች አንድ ረድፍ፣ አንድ አምድ ወይም አንድ ሳጥን ውስጥ ከሆኑ «ይተያያሉ» እንላለን፤ የሚተያዩ ቤቶች አንድ ዓይነት ቁጥር አይይዙም። ይህቺ መተያየት የምትባል ነገር ከታች ደጋግማ ትመጣለች።

ቀስት፦ መደመር ለሚወድ

አንድ ክብ አለ። ከክቡ መስመር ይወጣል፤ ጫፉ ላይ የቀስት ራስ አለው። መስመሩ ላይ ያሉት ቁጥሮች ሲደመሩ ክቡ ውስጥ ያለውን ቁጥር ይሰጣሉ። ሕጉ ይኸው ነው። ለሌላ ሰው ለማስረዳት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ለዚህም ነው ብዙ ሰው በቀስት የሚጀምረው።

የቀስት ጉልበት ጣሪያው ላይ ነው። ክቡ አንድ ቤት ስለሆነ ከ9 በላይ መያዝ አይችልም። አንድ ሳጥን ውስጥ ሦስት ቤት የሚያልፍ ቀስት እንውሰድ። ሳጥን ውስጥ ቁጥር ስለማይደገም ትንሹ ድምር 1+2+3 ነው፤ 6 ማለት ነው። ክቡ እንግዲህ 6፣ 7፣ 8 ወይም 9 ብቻ ነው። የሚቻሉትን ስብስቦች ስንቆጥር ሰባት ብቻ ሆነው እናገኛቸዋለን። ለ6፦ 1-2-3። ለ7፦ 1-2-4። ለ8፦ 1-2-5 እና 1-3-4። ለ9፦ 1-2-6፣ 1-3-5 እና 2-3-4።

ዝርዝሩን ልብ ብላችሁ እዩት። ከ2-3-4 በስተቀር ሁሉም ውስጥ 1 አለ። ክቡ 9 አለመሆኑን ያወቃችሁ ዕለት የዚያ ሳጥን 1 ቀስቱ ላይ መሆኑ ተረጋገጠ። ከቀሩት ስድስት ቤቶች 1ን ሰርዙ። ቀስቱ ላይ የትኛው ቤት የትኛውን ቁጥር እንደያዘ ገና አታውቁም፤ ግን ሥራው ተጀምሯል።

አራት ቤት በአንድ ሳጥን ወይም በአንድ ረድፍ ውስጥስ? 1+2+3+4 ድምሩ 10 ነው፤ አይቻልም። ስለዚህ አራት ቤትና ከዚያ በላይ የሆነ ቀስት የግድ ከሳጥኑ ይወጣል። ሲወጣ ደግሞ የማይተያዩ ቤቶቹ አንድ ዓይነት ቁጥር ሊይዙ ይችላሉ። ጀማሪ በብዛት የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው። ቀስት ላይ ቁጥር አይደገምም ብሎ ያስባል፤ ሕጉ ግን እንደዚያ አይልም።

አንድ ደረጃ ከፍ እንበል። አንድ ሳጥን ውስጥ ባለ ሦስት ቤት ቀስትና ባለ ሁለት ቤት ቀስት፣ ሳይነካኩ፣ አብረው አሉ እንበል። አምስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ ትንሹ ድምራቸው 15 ነው። የሁለቱ ክቦች ድምር እንግዲህ 15 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። አንዱ ክብ ቢበዛ 9 ስለሆነ ሌላው ከ6 ሊያንስ አይችልም። ክቦቹ የሚተያዩ ከሆኑ ያሉት አማራጮች አራት ብቻ ናቸው፦ 9 ከ8፣ 9 ከ7፣ 9 ከ6፣ ወይም 8 ከ7። ቁጥር ሳይጻፍ ይህን ያህል መድረስ የቀስት ትልቁ ደስታ ነው።

ጉዳቱስ? መጀመሪያው ጣፋጭ ሆኖ መጨረሻው የሚንዛዛበት ጊዜ አለ። ሁለት ሦስት ክብ ከታወቀ በኋላ የቀረው መደመርና መቀነስ ብቻ ሊሆን ይችላል። መደመር ለሚወድ ሰው ይህ ዕረፍት ነው፤ ለማይወድ ሰው ግን የቤት ሥራ ይመስላል። ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ከሰንጠረዡ ውጭ ትንሽ ቀስትና አጠገቧ ቁጥር ካያችሁ ያ የቀስት ሱዶኩ አይደለም። ሊትል ኪለር ይባላል። ቀስቷ በሰያፍ የምታመለክታቸው ቤቶች ሁሉ ተደምረው ያንን ቁጥር መስጠት አለባቸው። እሱም ጥሩ ጨዋታ ነው፤ ግን በድንገት ገብታችሁ እንዳትወዛገቡ።

ሹክሹክታ፦ መደመር ለማይወድ

እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይህን ነው። ጀርመን ዊስፐር ይሉታል፤ መስመሩ አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴ ነው። ሕጉ፦ መስመሩ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቁጥሮች ልዩነታቸው 5 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን።

ከዚህች አጭር ሕግ የሚወጣውን እንይ። 5 መስመሩ ላይ ሊቀመጥ አይችልም። ጎረቤቱ ወይ 0 ወይ 10 መሆን ነበረበት፤ ሁለቱም የሉም። የቀሩት ትንንሾቹ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እና ትልልቆቹ 6፣ 7፣ 8፣ 9 ናቸው። ሁለት ትንንሾች ጎን ለጎን አይሆኑም፤ ሁለት ትልልቆችም እንደዚሁ። ስለዚህ መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትንሽ-ትልቅ-ትንሽ-ትልቅ እያለ ይሄዳል። አንዷን ቤት ትንሽ መሆኗን ካወቃችሁ ሁሉንም አወቃችሁ። ሁለት ቀለም አንስታችሁ መቀባት ነው፤ መደመር የሚባል ነገር የለም።

ቀጥሎ ጠርዞቹን እዩ። የ4 ጎረቤት 9 ብቻ ነው። የ6 ጎረቤት 1 ብቻ ነው። 3 ከ8 እና ከ9 ጋር ይስማማል፤ 7 ከ1 እና ከ2 ጋር። 4 መስመሩ መሀል ላይ ከተቀመጠ ግራና ቀኙ ሁለቱም 9 መሆን አለባቸው። እነዚያ ሁለት ጎረቤቶች የሚተያዩ ከሆነስ? ሁለት 9 አብረው አይኖሩም። ስለዚህ ጎረቤቶቹ የሚተያዩበት ማንኛውም የመሀል ቤት 4ም 6ም አይሆንም። መስመሩ ሳጥን ውስጥ በተጠማዘዘ ቁጥር ይህቺን ነገር ፈትሹ።

ይህ የት ድረስ እንደሚወስድ ላሳያችሁ። አንድ የሹክሹክታ መስመር አንድ ሳጥን ውስጥ ስምንት ቤት ቢሸፍን ምን ይሆናል? 5 ስለማይገባ የቀረችው ዘጠነኛዋ ቤት 5 ናት። ስምንቱ ቤቶች ከ1 እስከ 4 እና ከ6 እስከ 9 ያሉትን ሁሉ ይይዛሉ። 4 መሀል ላይ መሆን ስለማይችል ጫፍ ላይ ነው። 6ም እንደዚሁ፤ ሌላኛው ጫፍ የሱ ነው። ከ4 ቀጥሎ 9፣ ከ6 ቀጥሎ 1። መሀሉ ላይ 2፣ 3፣ 7 እና 8 ቀሩ። ከ9 ቀጥሎ ትንሽ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ወይ 2 ወይ 3። 3 ከ8 እና ከ9 ውጭ ጎረቤት የለውም፤ 7 ደግሞ ከ1 እና ከ2 ውጭ የለውም። 2ን ከ9 ቀጥሎ ብታስቀምጡ 3 እና 7 መጋጠማቸው አይቀርም፤ ልዩነታቸው 4 ስለሆነ አይፈቀድም። ስለዚህ ከ9 ቀጥሎ 3፣ ከዚያ 8፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 7። ሙሉው 4-9-3-8-2-7-1-6 ሆነ። ሌላ መንገድ የለውም። የቀረው ጥያቄ ከየትኛው ጫፍ ይጀምራል የሚለው ብቻ ነው።

አንድም ቁጥር ሳይሰጥ ሳጥኑ በሁለት አማራጭ ተዘጋ። እንዲህ ያለውን ነገር በተራ ሱዶኩ አታገኙትም።

ሹክሹክታ የሚከብደው መስመሩ አጭር ሲሆን ነው። ሁለት ቤት ብቻ ያለው መስመር ብዙ አይናገርም። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመርጡ ረጃጅም መስመር ያለውን ፈልጉ። ጀማሪ ረጅም መስመር ሲያይ ይፈራል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ረጅም መስመር ይረዳችኋል።

ደች ዊስፐር የሚባል ዘመድም አለው። ልዩነቱ 4 ወይም ከዚያ በላይ እንዲሆን ይጠይቃል። ለውጡ ትንሽ ይመስላል፤ በተግባር ግን ብዙ ነገር ይገለባብጣል። 5 መግባት ይችላል፤ ጎረቤቱ ግን 1 ወይም 9 ብቻ ነው። 5 የገባበት ቦታ ላይ የትንሽ-ትልቅ ተራ ሊዛባ ይችላል፤ ለምሳሌ 1-5-9 ይፈቀዳል። ዝም ብላችሁ ሁለት ቀለም ከቀባችሁ ትሳሳታላችሁ። ከጀርመኑ በኋላ እንጂ በፊት አትምረጡት።

ሬንባን፦ ስብስብ ማሰብ ለሚወድ

የሬንባን መስመር ብዙ ጊዜ ወይንጠጅ ነው። መስመሩ ላይ ያሉት ቁጥሮች ተከታታይ ይሁኑ ይላል፤ ቅደም ተከተላቸው ግን እንደፈለገ። አራት ቤት ያለው መስመር 5-3-6-4 ሊሆን ይችላል፤ ተከታታይ ናቸውና። እንደ ቀስትና ሹክሹክታ ሳይሆን እዚህ ቁጥር አይደገምም፤ ቤቶቹ ባይተያዩም አይደገምም።

የሬንባን ቁልፍ ርዝመት ነው። አምስት ቤት ያለው ሬንባን ሁልጊዜ 5 አለው። ከ1-5 (ከ1 እስከ 5 ማለት ነው)፣ 2-6፣ 3-7፣ 4-8 ወይም 5-9 ውጭ አማራጭ የለም፤ አምስቱም ውስጥ 5 አለ። ስድስት ቤት ከሆነ 4፣ 5 እና 6 የግድ ናቸው። ሰባት ቤት ከሆነ ከ3 እስከ 7 ያሉት በሙሉ። ይህን በቃላችሁ መያዝ አያስፈልግም፤ አንዴ ከገባችሁ በራሱ ይመጣል።

ደስ የሚለው ሁለት መስመር ሲጋጠም ነው። አንድ ሳጥን ውስጥ ባለ አራት ቤት ሬንባን ሁለት ካሉ፣ ስምንት የተለያዩ ቁጥሮች በሁለት ተከታታይ ቡድን መከፈል አለባቸው። የሚሆነው በሦስት መንገድ ብቻ ነው፦ 1-4 ከ5-8፣ 1-4 ከ6-9፣ ወይም 2-5 ከ6-9። ከመስመር ውጭ የቀረችው ዘጠነኛዋ ቤት እንግዲህ 9፣ 5 ወይም 1 ናት። ሌላ አትሆንም።

ሬንባን ለማን ይስማማል? ማስታወሻ መያዝ ለሚወድ። «ይህ መስመር ወይ 2-5 ነው ወይ 3-6» ብሎ ለጊዜው ትቶ መሄድና በኋላ መመለስ ለሚችል። ቶሎ ቶሎ ቁጥር መጻፍ የሚፈልግ ሰው ይበሳጭበታል። ተቃራኒው ናብነር ይባላል፦ መስመሩ ላይ ተከታታይም ተደጋጋሚም ቁጥር አይኖርም። ቢረዝም አምስት ቤት ነው፤ ያኔም 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9 ብቻ ናቸው።

ዚፕ፣ እኩል ድምርና አስር፦ ለሁለተኛው ዙር

እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ ያስቀመጥኳቸው ለጀማሪ ስለማልመክራቸው ነው። ሦስቱም ድምር ይጠይቃሉ፤ ዚፕና እኩል ድምር ግን ድምሩ ስንት እንደሆነ አይነግሯችሁም። በቀስት ክቡ አለ። እዚህ ክብ የለም፤ ድምሩን ራሳችሁ ትፈልጋላችሁ። በአስር ደግሞ ድምሩ ቢታወቅም መቆረጫውን ራሳችሁ ትፈልጋላችሁ።

ከሦስቱ ዚፕ ይቀላል። ከመስመሩ መሀል እኩል ርቀት ላይ ያሉ ሁለት ሁለት ቤቶች ድምራቸው ሁሉም እኩል ነው። የቤቶቹ ብዛት ጎዶሎ ከሆነ መሀለኛዋ ቤት ራሷ ያንን ድምር ትይዛለች። ሦስት ቤት ያለው ዚፕ እንግዲህ ቀስት ማለት ነው፤ ክቡ መሀል ላይ የተቀመጠ። ሲረዝም ይጠነክራል። አንድ ሳጥን ውስጥ ሰባት ቤት የያዘ ዚፕ ሦስት ጥንድ አለው። ስድስት የተለያዩ ቁጥሮች በሦስት እኩል ጥንድ ሲከፈሉ ትንሹ 1+6፣ 2+5፣ 3+4 ነው። መሀለኛዋ 7፣ 8 ወይም 9 ሆነች። ረድፉን ሙሉ የሚሸፍን ባለ ዘጠኝ ቤት ዚፕ ከሆነ ደግሞ መሀሉ 9 ነው፤ ክርክር የለውም። የቤቱ ብዛት ሙሉ (ተጋማሽ) ከሆነ ግን መሀል ቤት የለም፤ ድምሩ ከ9 ሊያልፍ ይችላል፤ ነገሩ ይጠጥራል። ስትመርጡ የመስመሩን ቤት ቁጠሩና ጎዶሎውን ውሰዱ።

እኩል ድምር መስመር ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ነው። የሳጥን ድንበር መስመሩን ይቆራርጠዋል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ድምሩ እኩል ነው። መፈለግ ያለባችሁ ርዝመታቸው የማይመጣጠን ቁራጮችን ነው። አንድ ሳጥን ውስጥ አንድ ቤት፣ ሌላ ሳጥን ውስጥ ሦስት ቤት ካለ ብቸኛዋ ቤት 6፣ 7፣ 8 ወይም 9 ናት። ቁራጮቹ ሁሉ ሦስት ሦስት ቤት ከሆኑ ግን ብዙ ጊዜ ምንም አይነግሯችሁም። አንድ ለየት ያለ ሁኔታ አለ፦ መስመሩ ረድፉን ሙሉ ከሄደ። የረድፍ ድምር ሁልጊዜ 45 ስለሆነ ሦስቱ ቁራጮች 15፣ 15፣ 15 ይሆናሉ። ሌላ ልብ የሚባል ነገር፦ መስመሩ ከአንድ ሳጥን ወጥቶ ተመልሶ ወደዚያው ከገባ፣ በተለመደው ሕግ ሁለቱ ቁራጮች ለየብቻ ይደመራሉ እንጂ አንድ ላይ አይቆጠሩም።

የአስር መስመር ደግሞ መስመሩን ድምራቸው 10 ወደሆነ ቁራጮች ከፋፍሉ ይላል። የት ላይ እንደሚቆረጥ አልተነገረም፤ ክብደቱም እሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ ላሳይ። አንድ ሳጥን ውስጥ አራት ቤት ያለው የአስር መስመር ወይ ባጠቃላይ አንድ ቁራጭ ነው፤ ያኔ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ነው። ወይም ሁለት ጥንድ ነው፤ 1-9፣ 2-8፣ 3-7 ወይም 4-6 ከሚባሉት። ሦስትና አንድ ብሎ መክፈል አይሆንም፤ አንድ ቤት 10 አትይዝም። 5 ከሌላ 5 ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ስለማይሆን በሁለቱም መንገድ 5 መስመሩ ላይ የለም።

ቴርሞሜትርን ያልጠቀስኩት ሂሳብ ስለሌለው ነው። ከክብ ጫፉ ጀምሮ ቁጥሩ እየጨመረ ይሄዳል፤ ያ ብቻ ነው። ማሟሟቂያ የሚፈልግ ሰው በእሱ ቢጀምር አልቃወምም።

እንግዲህ የቱን?

ተራ ሱዶኩ በደንብ ለሚፈታና መደመር ለማይወድ፦ ጀርመን ዊስፐር፣ ረጃጅም መስመር ያለው። ለሚያመነታ ሰው ሁሉ የምሰጠው መልስም ይኸው ነው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ 5 የት እንደማይገባ አይታችሁ የመጀመሪያዎቹን ቤቶች ትቀባላችሁ፤ ጨዋታው ወዲያው ምላሽ ይሰጣል።

መደመር ለሚወድ፣ በተለይ ለልጆች ወይም ሱዶኩን ገና ለሚለማመድ ሰው፦ ቀስት። ጥቂት ቁጥሮች ተጽፈው የተሰጡበትን ፈልጉ። ሕጉ አጭር ስለሆነ ትኩረቱ ሱዶኩው ላይ ይሆናል።

ትዕግሥት ላለውና ማስታወሻ ለማይሰለቸው፦ ሬንባን። እነዚህን ሦስቱን ከቀመሱ በኋላ ዚፕ፣ ከዚያ እኩል ድምር፣ በመጨረሻ አስር። ቅደም ተከተሉን መቀያየር ይቻላል፤ አስርን ግን አታስቀድሙ።

በምን ላይ እንደምትፈቱም ምርጫውን ይወስናል። ሹክሹክታ ያለ ቀለም ይከብዳል። እንደ ሱዶኩፓድ ያሉ መተግበሪያዎች ቤቶችን መቀባትና ማእዘን ወይም መሀል ላይ ትንንሽ ማስታወሻ መጻፍ ያስችላሉ፤ ለሹክሹክታና ለሬንባን ይህ ትልቅ እርዳታ ነው። በወረቀት የምትፈቱ ከሆነ ቀስት ይሻላችኋል። ክቡና የቀስት ራሱ በጥቁርና ነጭ ኅትመትም ቁልጭ ብለው ይታያሉ። አረንጓዴውና ወይንጠጁ መስመር ግን በጥቁርና ነጭ ሲታተም አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናል። ሁለት ዓይነት መስመር ያለበትን እንዲህ አትማችሁ ከጀመራችሁ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ያቅታችኋል። ቀለም የመለየት ችግር ያለባችሁም እንዲሁ ቀስትን ወይም አንድ ዓይነት መስመር ብቻ ያለውን ምረጡ።

ቀለምን ደግሞ እንደ ሕግ አትቁጠሩት። አረንጓዴ ሹክሹክታ ነው፣ ወይንጠጅ ሬንባን ነው የሚለው ልማድ ነው። አዘጋጁ ሌላ ቀለም ሊጠቀም ይችላል። ሁልጊዜ ከሰንጠረዡ ጋር የተጻፈውን ሕግ አንብቡ። ስታነቡ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ መስመሩ ላይ ቁጥር ይደገማል ወይ? በተለመደው ሕግ ቀስት፣ ሹክሹክታ፣ ዚፕ፣ እኩል ድምርና አስር ላይ ይደገማል፤ ሬንባንና ናብነር ላይ አይደገምም። ሁለተኛ፣ መስመሮቹ ሁሉ ተስለዋል ወይ? አንዳንድ አዘጋጅ የሚቻሉትን ሁሉ እንዳልሳለ በግልጽ ይጽፋል። እንዲህ ካለ፣ መስመር በሌለበት ቦታ ላይ ተመሥርታችሁ ምንም አትደምድሙ።

የተቀላቀለስ? ብዙ ጨዋታዎች ሁለት ሦስት ዓይነት መስመር አንድ ላይ ይዘው ይመጣሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ አራት ዓይነት ሕግ ያለበትን አትምረጡ። ችግሩ አለመቻል አይደለም፤ ከየትኛው መስመር ምን እንዳገኛችሁ ስለማትለዩት ብዙ አትማሩበትም። አንድ ዓይነት፣ አንድ ዓይነት ብላችሁ ሁለቱን ለየብቻ ከለመዳችሁ በኋላ ቀስትና ሹክሹክታ የተቀላቀለበትን ውሰዱ። እነዚህ ሁለቱ በጣም ይግባባሉ።

ለምሳሌ የቀስት ክብ የሹክሹክታ መስመር መሀል ላይ ተቀምጧል እንበል፤ ክቡና መስመሩ ላይ ግራና ቀኙ ያሉት ቤቶች ሁሉም አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ቀስቱ ደግሞ ሌላ ሳጥን ገብቶ እዚያው ሦስት ቤት ያልፋል። ከቀስቱ፦ ክቡ 6፣ 7፣ 8 ወይም 9 ነው። ከሹክሹክታው፦ ጎረቤቶቹ ስለሚተያዩ 6 አይሆንም። ክቡ 7፣ 8 ወይም 9 ሆነ፤ ማለትም ትልቅ ነው። ክቡ ትልቅ ከሆነ ጎረቤቶቹ ትንንሽ ናቸው፣ ከእነሱ ቀጥሎ ያሉት ትልልቅ ናቸው፤ እንዲህ እያለ የአረንጓዴው መስመር ሙሉ ቀለም ይወሰናል። 6 ስለወደቀ ቀስቱ ላይ 1-2-3 አይሆንም። ክቡ 9 አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ነገር ሌላ ቦታ ላይ ካገኛችሁ ደግሞ የዚያ ሳጥን 1 ቀስቱ ላይ ነው፤ መፈለግ ያለባችሁም ቀጥሎ እሱን ነው።